ጎን፣ ጅራት፣ ቦታ፣ ቀን፦ ብርቅዬ የውሃ ተርብ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

በካማሺ ከተማ፣ በያሶ፣ በበሎጅጋንፎይ፣ እንዲሁም ከዳቡስ ማዶ በአሶሳ ዙሪያ ላላችሁ አድማጮች የሚቀርብ ሳምንታዊ ዝግጅት ነው።

የዛሬው ዝግጅት በጥያቄ ይጀምራል። በበጋ በወንዝ ዳር ስትራመዱ ከእግራችሁ ሥር ብድግ ብለው ዙሪያችሁን የሚበሩ፣ ጥቂት መንገድ አብረዋችሁ የሚሄዱ፣ ስትቆሙ ደግሞ መልሰው መሬት ላይ የሚያርፉ ነፍሳት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የወንዶቹ ክንፍ መሐሉ ላይ ጥቁር ቀበቶ አለው። ከብት ሲያልፍም ይከተላሉ። ለምን ይመስላችኋል?

(አጭር ዝምታ)

የሚከተሉት ሰውን ፈልገው አይደለም። የሰውና የከብት እግር ከሣር ውስጥ ትንንሽ ነፍሳትን ያስነሳል፤ እነሱ ደግሞ የተነሳውን ለቅመው ይበላሉ። ሳይንቲስቶች ይህን ወገን ብራኪቴሚስ ይሉታል። የውሃ ተርብ ነው፤ ረጅም ቀጭን ገላ፣ አራት ብርሃን አሳላፊ ክንፍ፣ ፊቱን ከሞላ ጎደል የሸፈኑ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሉት። አይናደፍም፣ መርዝ የለውም።

ብራኪቴሚስ የትም የሚገኝ ነው። የዛሬው ወሬ ግን ስለ ብርቅዬዎቹ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር ስለማይገኙት፣ ብዙ ሰው በሕይወት እያሉ አይቷቸው ስለማያውቀው። ደግሞም በእጅ ስልክም ይሁን በትልቅ ካሜራ ፎቷቸው እንዴት ይነሳል፣ ፎቶውስ ምን ሲያሳይ ነው ለሳይንስ የሚጠቅመው? አራት ቃላት ያዙልን፦ ጎን፣ ጅራት፣ ቦታ፣ ቀን። በዝግጅቱ ውስጥ ደጋግማችሁ ትሰሟቸዋላችሁ።

(የወንዝ ድምፅ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል)

መጀመሪያ ብርቅዬ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንይ።

በኢትዮጵያ መቶ ገደማ የውሃ ተርብና የቅርብ ዘመዶቹ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ አስር የሚሆኑት የዚህች አገር ብቻ ናቸው። ታሪካቸው የሚጀምረው ከሩቅ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመቶች፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ እንስሳትና ዕፅዋት ሰበሰበ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1858፣ ሴሊ ሎንሻን የተባለው ቤልጅጋዊ ባሮን ለአንድ የኢትዮጵያ የውሃ ተርብ ኖቶጎምፈስ ሩፔሊ የሚል ስም ሰጠው፤ ለሩፔል መታሰቢያ መሆኑ ነው። በ1906 ደግሞ ፎርስተር የተባለ ጀርመናዊ ለሌላ ዝርያ ትሪቴሚስ ኤለንቤኪ የሚል ስም አወጣ። ኤለንቤክ በዘመነ ምኒልክ ከባሮን ኤርላንገር ጉዞ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሐኪም ነበር። በ1978 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንሲሊዮ ሌሎችን ጨመረ፤ አንዱ ስሙን ከከፋ የወሰደው ፕሱዳግሪዮን ካፊነም ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዝርያዎቹ የሚታወቁት በመርፌ ተወግተው፣ በሳጥን ተደርድረው፣ በአውሮፓ ሙዚየሞች ነበር። ታዲያ ምን ይጎድለዋል? የውሃ ተርብ ሲሞት ቀለሙ ይጠፋል። ሰማያዊው ይጠቁራል፣ አረንጓዴው ይፈዛል፣ እንደ መስታወት ያበሩ የነበሩ ዓይኖች ደብዛዛ ቡናማ ይሆናሉ። ሰብሳቢዎች ቀለሙን ለማትረፍ ሬሳውን አሴቶን ውስጥ ይነክሩታል፤ ያም ቢሆን በከፊል ነው የሚያተርፈው። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ በሕይወት ያለ ብርቅዬ የውሃ ተርብ ወንዝ ዳር ሆኖ በጥሩ ብርሃን ቢያነሳ፣ የመቶ ዓመት ሳጥን የማያሳየውን ነገር ያሳያል። የዓይኑን ቀለም፣ አቀማመጡን፣ የሚያርፍበትን ድንጋይ፣ የሚመርጠውን ወንዝ።

በ2005 ቪዮላ ክላውስኒትዘርና ክላስ ዳውቨ ዳይክስትራ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የውሃ ተርቦች ዝርዝር አድሰው አሳተሙ። በዚያው ጽሑፍ አንድ አዲስ ዝርያ ገለጹ፤ ስሙ ፓራጎምፈስ ክሬኒጎምፎይደስ ነው። ስሙን ለመጥራት ምላስ ይፈተናል፤ አትጨነቁ። ፓራጎምፈስ የሚባለው ወገን ወንዶቹ ጅራታቸው ጫፍ ላይ የተቆለመመ መንጠቆ አላቸው፤ ኑሯቸውም በአሸዋማ ወንዞች ነው።

አሸዋማ ወንዝ ሲባል የካማሺ ሰው ምን ያስባል? የካማሺ ዞንን በሰሜን በኩል ከመተከል ዞን የሚለየው ዓባይ ነው። ዳቡስና ዴዴሳ ወደ ዓባይ የሚገቡት በዚሁ አካባቢ ነው። ከእነሱ በታች ደግሞ በክረምት ሞልተው በበጋ ድንጋይና አሸዋቸው የሚገለጥ ብዙ ትንንሽ ወንዞች አሉ። አብዛኞቹ የአገሪቱ ብርቅዬ ዝርያዎች የሚኖሩት በደጋው ምንጮችና ጅረቶች ነው። የምዕራቡ ቆላ ወንዞች ግን ጎብኚ የሚበዛባቸው አይደሉም። ስለዚህ ከዚህ አካባቢ የሚነሳ አንድ ደህና ፎቶ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚነሳ አስር ፎቶ ይበልጥ ሊያስተምር ይችላል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እሺ፤ ፎቶ ብቻውን ይበቃል እንዴ? በ2015 ዳይክስትራ፣ የንስ ኪፒንግና ኒኮላ ሜዚዬር የተባሉ ሦስት ሰዎች ከአፍሪካ ስልሳ አዳዲስ ዝርያዎችን በአንድ ጽሑፍ ገለጹ። ስልሳ፣ በአንድ ጊዜ! ከእነዚህ አንዱን፣ ስሙ ኡማ ጉማ የሆነውን፣ ከፒንክ ፍሎይድ የሙዚቃ አልበም ስም ወስደው ነው የሰየሙት፤ ሳይንቲስትም ይጫወታል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ከስልሳዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት እያሉ ቀለማቸው ደማቅና ልዩ በመሆኑ በፎቶ ብቻ ሊለዩ ይችላሉ ሲሉ ጻፉ።

የፓራጎምፈስ ዓይነቶቹ ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም። አብዛኞቹ ቢጫና ቡናማ፣ አሸዋ መሳይ ናቸው። ከላይ የተነሳ የሚያምር ፎቶ ቢኖራችሁም ባለሙያው የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሊነግራችሁ አይችልም። የሚለየው በጅራቱ ጫፍ መንጠቆ ቅርጽና በደረቱ ጎን ላይ ባሉት ጥቁር መስመሮች ነው። እንግዲህ ጎንና ጅራት የተባለው ለዚህ ነው። ውብ ፎቶና መረጃ የሚሆን ፎቶ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ብዙ ፎቶ አንሺ ክንፉን ከፀሐይ ጋር አንጸባርቆ ያነሳና ይረካል፤ ደረቱ ጨለማ፣ ጅራቱ ከፎኩስ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ደግመን እንበለው፦ ጎን፣ ጅራት፣ ቦታ፣ ቀን።

(የወንዝ ድምፅ ይመለሳል)

አሁን ወደ ወንዙ እንውረድ። መቼ? የካማሺ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዝናቡ ሲያቆም፣ ውሃው ሲጠራና ድንጋዩ ሲገለጥ ጥሩ ጊዜ ነው። በቀን ውስጥ ደግሞ ማለዳ ይመረጣል። የውሃ ተርብ ለመብረር ጡንቻው መሞቅ አለበት፤ ሌሊቱ የቀዘቀዘው ገላው እስኪሞቅ ድረስ ሣር ላይ ወይም ቀርከሃ ላይ ተጣብቆ ፀሐይ ይሞቃል። ክንፉ ላይ ጤዛ ያለበትን እንዲያውም ከስንዝር ርቀት ማንሳት ይቻላል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሌላ ነገር ይታያል። አንዳንዶቹ ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ ይተክላሉ። ማንን እያስፈራሩ ነው? ማንንም። የገላቸው ጥቂት ክፍል ብቻ ፀሐይ እንዲመታው፣ ሙቀቱ እንዲቀንስላቸው ነው። በቆላ እኩለ ቀን ይህን አቀማመጥ ያነሳ ሰው ጥሩ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ጥሩ የጠባይ መረጃም ያገኛል።

እንዴት ይጠጉታል? የውሃ ተርብ ትልልቆቹ ዓይኖች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች ድምር ናቸው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከኋላም ጭምር ያያል። በተለይ የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጠውም። በቤተ ሙከራ ሲታይ ካሳደዳቸው ነፍሳት እስከ ዘጠና አምስት በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ አንበሳ እንዲህ ዓይነት ውጤት የለውም። ስለዚህ ከዚህ አዳኝ ተደብቆ መጠጋት የማይሆን ነው። የሚሻለው የመንቀሳቀስን ምልክት መቀነስ ነው። ወደ ጎን አትወዛወዙ፤ በቀጥታ መስመር፣ ቀስ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ሂዱ። እጃችሁን ከፍ አታድርጉ። ካሜራውን ከሩቅ ዓይናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ተጠጉ፤ እሱ ፊት ደርሳችሁ ስልክ ከኪስ ማውጣት ትርፉ ባዶ ድንጋይ ማንሳት ነው። ከሁሉ በላይ ጥላችሁ እንዳይነካው ተጠንቀቁ።

ከተነሣስ? አትሩጡ። ብዙዎቹ ወንዶች የራሳቸው መቀመጫ አላቸው፤ ከተነሱበት ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ላይ ተመልሰው ያርፋሉ። ሌላ ወንድ ሲመጣ ያባርሩና እንደገና እዚያው ይመለሳሉ። ስለዚህ ብልህ ፎቶ አንሺ ነፍሳቱን ትቶ መቀመጫውን ይጠብቃል። ሌንሱን ድንጋዩ ላይ አስተካክሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንድ ዝርያ ግን አያርፍም፤ ቀኑን ሙሉ ወንዙን ወደ ላይና ወደ ታች ሲጠብቅ ይውላል። እሱን በአየር ላይ ለማንሳት የሹተር ፍጥነቱን ወደ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ወይም ከዚያ ወደ ፈጠነ ማድረግ ያስፈልጋል። ስልክ ብቻ የያዛችሁ ለእንዲህ ዓይነቱ አትድከሙ፤ የሚያርፈውን ፈልጉ።

ስልክ የያዛችሁ አድማጮች ብዙ ናችሁና አንድ ነገር ልብ በሉ። በስልኩ ማጉያ አትጎትቱት፤ ፎቶው ይፈርሳል። በእግራችሁ ቅረቡ። ስልኩን ከነፍሳቱ ገላ ጋር ትይዩ ያዙት፤ ያኔ ከራስ እስከ ጅራት አንድ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያውን ፎቶ ከሩቅም ቢሆን አንሱ፣ ቢያመልጥ ማስረጃ እንዲቀር። ከዚያ ከጎን። ከዚያ ከላይ። ከዚያ የጅራቱን ጫፍ ብቻ። ሴትና ወንድ ተጣምረው ካገኛችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ቀለማቸው የደበዘዘ ስለሆነ ለብቻቸው ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ጥንዱ ግን አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ነፍሳቱን ይዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ ደንዝዞ ሳለ ያነሳዋል። ፎቶው ያምራል፣ ግን ውሸት ነው። የውሃ ተርብ በማያርፍበት አበባ ላይ፣ በማይቀመጥበት አቀማመጥ ተገጥሞ ይታያል። ለብርቅዬ ዝርያ ደግሞ ከውሸትም የባሰ ነው፤ ብርዱ ሊገድለው ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

የወንዝ ዳር ጥንቃቄም ሳይነሳ አይታለፍ። ፈጣን ውሃ ባለበት የምትነክሰው ትንሿ ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን፣ ቆዳ የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ታስተላልፋለች። በዴዴሳና በዳቡስ ሸለቆዎች ገንዲ የምታመጣው የቆላ ዝንብ አለች። በቀስታ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ይኖራል። ዓባይ ውስጥ አዞና ጉማሬ እንዳለ ለዚህ አድማጭ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሙሉ እጅጌ ልብስ ልበሱ፣ ውሃ ውስጥ አትቁሙ፣ ብቻችሁን አትውረዱ።

አሁን ደግሞ ብዙ ፎቶ አንሺ የማያየውን ነገር እናንሳ። የውሃ ተርብ ዕድሜውን በአብዛኛው የሚያሳልፈው በክንፍ ሳይሆን በውሃ ውስጥ ነው። ገና ክንፍ ያላወጣው ዕጭ ከውሃ ሥር ሆኖ የትንኝ ዕጭ፣ ትንንሽ ዓሣና ሌላም ይበላል። ጅራታቸው መንጠቆ ያለው የፓራጎምፈስ ዓይነቶች ዕጭ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። ሲያድግ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይሰነጥቅና ክንፍ አውጥቶ ይበርራል። ባዶው ቆዳ ግን እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አይሸሽም፣ አይደነግጥም፣ ጥላ አይፈራም። ያን ቆዳ ፎቶ አንሱት! የሚበርረው ነፍሳት ከሌላ ወንዝ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ግን በዚህ ወንዝ ተወልዶ እንዳደገ ይመሰክራል። ለብርቅዬ ዝርያ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ዕጩ አሸዋ ውስጥ ይኖራል ብለናል። የካማሺ ወንዞች አሸዋ ደግሞ ወርቅም ይታጠብበታል። በአንድ ወንዝ ውስጥ አሸዋው በየቀኑ ሲገለበጥና ውሃው ሲደፈርስ በዚያ የሚኖር ዕጭ ምን ይገጥመዋል? የወርቅ አጣቢው ኑሮ በዚያ ላይ ስለሆነ ማንም ጣት ሊቀስርበት አይገባም። ሆኖም የሚታጠብበትንና የማይታጠብበትን ወንዝ ለይቶ በየበጋው ፎቶ የሚያነሳ አንድ ተማሪ ቢኖር፣ ልዩነቱን በጥቂት ዓመት ውስጥ በፎቶው ሊያሳይ ይችላል።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ሕዳሴ ግድብ ነው። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ሰባ አራት ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ከኋላው አለ። ፈጣን ወንዝ ወደ ረጋ ውሃ ሲለወጥ የውሃ ተርቦቹም ይለወጣሉ። በአለትና በሚወርድ ውሃ የሚኖሩት ወደ ገባሮቹ ይሰበሰባሉ ወይም ይጠፋሉ፤ የረጋ ውሃ ወዳጆቹ ይበዛሉ። ቀዩ ክሮኮቴሚስና የመሳሰሉት የሐይቅ ዳር ሣር የሚወዱት ናቸው። ይህን ለውጥ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚያነሳ ካሜራ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀላቅላችሁ እንዳትሄዱ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም ካቆመ በኋላ በመንጋ የሚበርሩ ወርቅማ የውሃ ተርቦች ብርቅዬ አይደሉም። ፓንታላ ፍላቨሰንስ ይባላሉ፤ በዓለም ላይ እጅግ በስፋት ከሚገኙት መካከል ናቸው። በማልዲቭስ የኖረው የባሕር ሳይንቲስት ቻርለስ አንደርሰን በየጥቅምቱ በደሴቶቹ ላይ በብዛት ሲደርሱ አየ። ንጹሕ ውሃ እምብዛም በሌለበት ደሴት ምን ያደርጋሉ? በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ከሕንድ ተነስተው ነፋስ ተከትለው የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚሻገሩ አስረዳ። የትንሽ ነፍሳት ጉዞ መሆኑን አስቡት! እነሱንም አንሱ፤ የመጡበትን ቀን ብቻ መመዝገብ ለዚህ ታሪክ ዋጋ አለው።

(የወንዝ ድምፅ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ቦታና ቀን ላይ ደረስን። በ2021 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዓለምን የውሃ ተርቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገምግሞ ከስድስት ሺህ ዝርያዎች ውስጥ ቢያንስ አሥራ ስድስት በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አስታወቀ። እንዲህ ያለ ግምገማ የሚሠራው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? የት፣ መቼ ታየ በሚለው መዝገብ ላይ ነው። ቦታና ቀን የሌለው ፎቶ ለግድግዳ ይሆናል፤ ለመዝገብ ግን አይሆንም። በስልካችሁ ካሜራ ላይ የቦታ መግለጫውን አብሩት፤ ፎቶው ከነቦታው ይቀመጣል። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል። ካልሆነም በደብተር ጻፉ፦ የወንዙ ስም፣ የቀበሌው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ነፍሳቱ ያረፈበት ነገር። ሰዓቱን ስትጽፉ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ መሆኑን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ግለጹ፤ የውጭ አገር ባለሙያ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁ ያንኑ ጥቀሱ፤ አለዚያ የእናንተ 2017 ለእሱ ሌላ ዘመን ነው።

ፎቶው ከተሰበሰበ በኋላ ወዴት? ኢንተርኔት ያለው ሰው አይናቹራሊስት በተባለው መድረክ ላይ ያስገባዋል፤ ከዓለም ዙሪያ ያሉ የውሃ ተርብ ባለሙያዎች እዚያ ያዩታል፣ ይወያዩበታል፣ ስሙን ይሰጡታል። ኢንተርኔት ለሌለው መምህራን ይጠቅማሉ፤ በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኙ ተማሪዎች ያነሱት ፎቶ ቢሰበሰብና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢላክ መንገዱን ያገኛል። ፎቶውን አትቁረጡት፣ ቀለሙን አታሳምሩት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት ስትልኩም በፋይል መልክ ይሁን፤ አለዚያ የጅራቱ መንጠቆ ይደበዝዛል።

እንግዲህ አድማጮች፣ በዚህ ሳምንት ወንዝ የምትወርዱ ካላችሁ አንድ የቤት ሥራ አለ። አንድ የውሃ ተርብ ምረጡ፤ ብርቅዬ ይሁን አይሁን ግድ የለም። ከጎኑ አንዴ፣ ከላይ አንዴ፣ ጅራቱን አንዴ አንሱት። ወንዙንና ቀኑን ጻፉበት። በአጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ ባዶ ቆዳ መኖሩንም ፈልጉ፤ ካለ ፎቶ ሳታነሱት አትመለሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የውሃ ተርብ ቀጫጭን ዘመዶችን፣ ሲያርፉ ክንፋቸውን ከጀርባቸው ላይ የሚያጥፉትን፣ እናነሳለን። የኢሉባቦርና የከፋ ጫካ አድማጮች ያንን ዝግጅት በተለይ ጠብቁት። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)